ክርክር፦ 1893 ላይም ዝናብ ጠፍቶ ነበር፣ ታዲያ የ2025ቱ ምን ይለያል?

አድሚን፦ ትናንት አንድ ወንድማችን "የ2025 ስፕሪንግ (ከማርች እስከ ሜይ ያለው ወቅት) ሞቀ ደረቀ እያላችሁ አትጨነቁ፣ እንግሊዝ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመንም አይታዋለች" ብሎ ነበር። እዚህ እንቀጥል፣ ስድብ የለም።

ማይል ኤንድ፦ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ የምኖርበት የለንደኑ ማይል ኤንድ በ1893 ከማርች 4 እስከ ሜይ 15 ጠብ አላለም፣ 73 ቀን ሙሉ! በብሪታንያ ከተመዘገበው ሁሉ ረጅሙ ነው። ራሱ የ2025ቱ "በ132 ዓመት ያልታየ ደረቅ" ሲባል ከ1893 ወዲህ ማለት እኮ ነው። ያኔ መንገዱን የሞላው ፈረስ ነበር፣ አውሮፕላን የለ ምን የለ፣ ታዲያ ማን አመጣው?

የፊዚክስ መምህር፦ በድርቀቱ ልክ ነህ ወንድሜ። ከባድ የአየር ግፊት አገሩ ላይ ሲቀመጥ ከአትላንቲክ የሚመጣውን ዝናብ ገፍቶ ያሳልፈዋል፣ ያኔም አሁንም ያው ነው። ሙቀቱ ላይ ግን አልስማማም። የብሪታንያ የሙቀት መዝገብ ከ1884 ስለሚጀምር ያንተ 1893 ውስጡ አለ፣ ግን 2024 የስፕሪንግ ሙቀት ሪከርዱን ሰበረ፣ በዓመቱ ደግሞ 2025 እሱንም ሰበረው፣ 2007 2011 2017ም ከሞቃቶቹ ናቸው። ድሮ አንዴ መጥቶ የሚጠፋው አሁን በየጥቂት ዓመቱ እየተመላለሰ ነው፣ ያሳሰበኝ እሱ ነው። አየር ላይ ያለው ሙቀት አማቂው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያኔ ከሚሊዮን እጅ 295 ገደማ ነበር፣ አሁን ከ420 አልፏል። ሲሞቅ ደግሞ አፈሩ ቶሎ ይደርቃል፣ ስለዚህ የዝናቡ እጥረት እኩል ቢሆን እንኳን ጉዳቱ እኩል አይሆንም።

ከዮርክሻየር፦ ልጆቼ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝና ስለ ሳሩ ልናገር። በ1893 ሳሩ ሳያድግ ቀርቶ ድርቆሽ ጠፋ፣ ዋጋው ናረ፣ የከተማው ፈረስ ሁሉ የሚበላው እሱን ነበር። ገበሬው ደግሞ ከአሜሪካ በሚገባ ርካሽ እህል አስቀድሞ ተጎድቶ ስለነበር ድርቁ የመጣው በቁስሉ ላይ ነው። ዛሬም እንደዛው ነው፣ እኛ ጋ ሰሜን እንግሊዝ በ2025 ሰመር አትክልት በጎማ ማጠጣት ተከለከለ፣ እንግሊዝ ውስጥ ግን በቧንቧ ከሚላከው ውሃ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው መንገድ ላይ እየፈሰሰ ይቀራል፣ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ከተሰራም ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። ይሄ ያቃጥለኛል።

ማይል ኤንድ፦ እማማ በቧንቧው እስማማለሁ፣ የኔም ንዴት እሱ ነው፣ ሁሉን በአየር ንብረት ሲያሳብቡ ቧንቧውን የሚጠይቅ ይጠፋል። መምህር፣ 2024ና 2025 ተከታትለው ሪከርድ መስበራቸው አሳስቦኛል፣ አልክድም። ግን ሁለት ዓመት ይበቃል?

የፊዚክስ መምህር፦ ሁለቱን ብቻ አትይ፣ ከ1884 ጀምሮ ያለውን በየአስር ዓመቱ አማካይ አውጥተህ ተመልከተው፣ ነገ ሰንጠረዡን እዚሁ እለጥፈዋለሁ።