ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ወደ መዝናኛ ፓርክ የሄዳችሁ ቤተሰቦች፣ ቀኑ በእውነት እንዴት ዋለ?

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለቤቴ በጥር ወር መጨረሻ ጥቂት የዕረፍት ቀናት ስላገኘ፣ የትልቁ ልጃችን ትምህርት ቤትም በዚያው ሰሞን ለመንፈቀ ዓመት ስለሚዘጋ፣ ልጆቹን ይዘን ለ3 ቀን ከአዳማ ወጣ ለማለት አስበናል። ትልቁ 7 ዓመቱ ነው፤ መካከለኛዋ 4 ዓመት ሞልቷታል፤ የመጨረሻው ገና የ14 ወር ሕፃን ነው። ያሰብነው በመጀመሪያው ቀን አዲስ አበባ ካሉት የመዝናኛ ፓርኮች በአንዱ ለመዋል፣ በማግስቱ አንድነት ፓርክን ለማየት፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ስንመለስ ቢሾፍቱ ላይ ወርደን ልጆቹን ውኃ ውስጥ ለማጫወት ነው።

መግቢያው፣ የየጨዋታው ትኬት፣ ማደሪያውና ምግቡ ሲደመር ለእኛ ቀላል ወጪ አይደለም። ይሁን እንጂ ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። አማቴ «ያቺ የ4 ዓመት ልጅ ነገ የማታስታውሰውን ለማሳየት ይህን ያህል መንከራተት ለምን?» ብለው ሲጠይቁኝ ሁነኛ መልስ አጣሁ። ሰው ሁሉ የሚያሳየኝ ፎቶግራፉን ነው፤ እኔ ደግሞ መስማት የምፈልገው ልጆቹ ምን እንደወደዱ፣ ምን እንዳስለቀሳቸውና እናንተ ዳግመኛ ብትሄዱ ምን እንደምትለውጡ ነው።

መልስ፦ አባት ከሐዋሳ

እህቴ፣ እኛ ባለፈው ዓመት የሄድንበት መንገድ እርስዎ ካሰቡት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ሳልደብቅ ልንገርዎ። ወንዱ ልጄ ያኔ 8 ዓመቱ፣ ሴቷ 4 ዓመቷ ነበር። የዋልንበትን የመዝናኛ ፓርክ ስም ግን አልጠራም።

ትልቁ ልጅ ከበሩ ጀምሮ ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ የሚጋጩትን መኪኖች ብቻ ሦስት ጊዜ ነዳ። የታናሽ እህቱ ነገር ሌላ ሆነ። በየጨዋታው መግቢያ ላይ ቁመት የሚለካበት መስመር ተሠምሯል። ተቆጣጣሪው እጁን በአናቷ ላይ አግድም ዘርግቶ ከመስመሩ ጋር ካስተያየ በኋላ «ትንሽ እደጊና ትመጫለሽ» አላት። በሦስተኛው ጨዋታ ላይ ይኸው ሲደገምባት፣ ሳታለቅስ ሄዳ አጥሩ ሥር ተቀመጠችና አንገቷን ደፍታ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታ ጀመር። ቁመቷን ቤት ሳለን ለክቼ፣ ስልክ ደውዬ ጠይቄና አስቀድሜ ነግሬያት ባለመሄዴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በመጨረሻ የሚሽከረከሩትን ፈረሶች አገኘንላት። አራት ጊዜ ወጣች፤ በየጊዜውም ሌላ ቀለም ያለውን ፈረስ መረጠች። ለእሷ ፓርኩ ማለት እነዚያ ፈረሶች ብቻ ናቸው፤ ሌላው የከፈልንበት ሁሉ ለእኛ እንጂ ለእሷ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ እኔና ልጄ ትልቁ ተሽከርካሪ ጎማ ላይ ሳለን መብራት ጠፋ። ወንበራችን ከላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ዐሥር ደቂቃ ያህል ስንቆይ፣ ልጁ ሁለት እጄን ጨምድዶ ይዞ አንድ ቃል አልተናገረም። በሰላም ወረድን፤ ሆኖም ምን እንደተፈጠረ ወደ ላይ የነገረን ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። የምግቡንም ነገር እንዲሁ አስቀድመው ያጣሩ። እኛ ምሳ ዕቃ ይዘን መግባት እንደማይፈቀድ በሩ ላይ ነው የሰማነው፤ ልጆቹም በድንች ጥብስና በለስላሳ ውለው ከ8 ሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ዳግመኛ ብሄድ በሩ እንደተከፈተ ገብቼ፣ ልጆቹ ገና ደስ እያላቸው በ7 ሰዓት እወጣለሁ።

በማግስቱ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን አንድነት ፓርክ አየን። እንደሚያውቁት ያለው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው፤ እንቁላል ቤቱን፣ ዙፋን ቤቱንና ነገሥታቱ ግብር ያበሉበትን ግብር አዳራሽ ለአዋቂ ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ ለ4 ዓመት ልጅ ግን አንድም ትርጉም አይሰጥም። እኔና ባለቤቴ በተራ ገብተን አየን። ለልጆቹ ቀኑን ቀን ያደረጉላቸው ጥቁር ጋማ ያላቸው አንበሶች ናቸው። ግቢው ሰፊ ስለሆነ እግር ያደክማል፤ ከእንስሳቱ ቢጀምሩ ይሻላል።

አማትዎ ላነሡት ጥያቄ እኔም ሙሉ መልስ የለኝም። ልጄ የመዝናኛ ፓርኩን ስም እንኳ ረስታዋለች። ይሁን እንጂ እዚህ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስደናት አባ ኮዳው የዓሣ ጭንቅላት ሲውጥ ባየች ቁጥር «አንበሳው ግን እንዲህ ነው ያዛጋው» ትልና አፏን እስከ ጥግ ትከፍታለች። ከ3ቱ ቀን አንዱን ይሠርዙ፤ ልጆቹ 3 ተከታታይ ቀን አይችሉትም።

መልስ፦ የሕፃናት ክፍል ነርስ፣ ሐዋሳ

ወንድሜ በጻፉት ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ውኃው ብቻ ልጨምር። ሕፃን ልጅ ሲሰምጥ አይጮኽም፣ አይንቦጫረቅም፤ ድምፅ ሳያሰማ፣ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ውስጥ እንኳ በጥቂት ቅጽበት ሊጠፋ ይችላል። አራት አዋቂ ባለበት ስፍራ ሁሉም «ሌላው ያያል» ብሎ ስለሚዘናጋ፣ በየተራው አንድ ሰው ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ፣ እጁ ልጁን በሚነካበት ርቀት ላይ ሆኖ እንዲጠብቅ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በአየር የሚነፉት የክንድና የወገብ ቀለበቶች መጫወቻ እንጂ ሕይወት ማዳኛ አይደሉም። ላይፍ ጃኬት ሲሰጥዎት በልጁ ልክ መሆኑን እንዲህ ይፈትኑት፦ ካሰሩት በኋላ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ አገጩን አልፎ ወደ ጆሮው ከወጣ ይመልሱት፣ ለእሱ አልተሠራም።

ቢሾፍቱ ከአዳማ ከፍ ያለች በመሆኗ ውኃው ልጆቹን ቶሎ ያበርዳቸዋል። ትንሽ ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ፈጥኖ ሙቀት ያጣል፤ ከንፈሩ ሲጠቁር ወይም ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ «ትንሽ ልቆይ» ቢልም አውጥተው በደረቅ ፎጣ ይጠቅልሉት። የ14 ወሩን ልጅ በተለመደው ዳይፐር ውኃ ውስጥ አያስገቡት፤ ዳይፐሩ ውኃ መጥጦ ያብጥና ይከብደዋል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ሐሳብ ለውጣችሁ ወደ እኛ ከመጣችሁም የሐዋሳ ሐይቅ ለዓይንና ለጀልባ እንጂ ለልጆች እግር አይደለም። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች በዳርቻው ስላሉ፣ ልጆቹ ውኃው ውስጥ እንዲንቦራጨቁ አትፍቀዱላቸው። ይህን የምለው ከተማዬን ለማሳጣት አይደለም፤ ከጉዞ በኋላ የታመመ ልጅ ማየት ስለማልወድ ነው።

መልስ፦ ጎረቤትዎ ከአዳማ

እኔ ደግሞ ካሊፎርኒያ ያለችው እህቴ ዘንድ ሄጄ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 በተከፈተው ዲዝኒላንድ ከልጆቿ ጋር አንድ ቀን ውያለሁ። እዚያ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነጻ ይገባል፤ ከፈጣኖቹ ጨዋታዎች አንዳንዶቹ ላይ 102 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ መውጣት አይፈቀድለትም። የቁመቱ ነገር የእኛ አገር ጭካኔ አይደለም ለማለት ነው፤ የደኅንነት ቀበቶው ትንሽ ሰውነትን አጥብቆ ስለማይዝ ነው።

ከሁሉ የወደድሁት ግን «ራይደር ስዊች» የሚሉትን አሠራር ነው። ለሠራተኛው ተነግሮት አንደኛው ወላጅ ከትንሹ ልጅ ጋር ይቀራል፤ ሌላው ከትልቁ ጋር ተሰልፎ ተጫውቶ ሲመለስ፣ የቀረው ወላጅ ያንን ረጅም ወረፋ እንደገና ሳይይዝ ይገባል። አገሬ ተመልሼ የራሴን ልጆች መዝናኛ ፓርክ ስወስድ ትኬት ቆራጩን በትሕትና ጠየቅሁት፤ ፈቀደልኝ። እርስዎም ይሞክሩት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሕፃን ባለበት ቤት ሁሉም ሰው ሕፃኑን ሲያባብል ትልቁ ልጅ ብቻውን ይሰለፋል፣ ብቻውን ይጫወታል። ቢያንስ ለ2 ሰዓት አባቱ ለ7 ዓመቱ ልጅ ብቻ ይሁንለት። ሦስተኛ አዋቂ ቢኖር ይህ ይቀላል፤ አማትዎን ለምን ይዘዋቸው አይሄዱም?

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ልጆቹን በር መቃኑ ላይ አቁመን ለካናቸው፤ ትልቁ 121፣ ልጅቷ 99 ሴንቲ ሜትር ሆኑ። እሷ የእርሳሱ ምልክት ከወንድሟ በታች መሆኑን አይታ በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ነበር፤ ተረከዟን መሬት አስነካናትና የትኛው ጨዋታ ላይ እንደምትወጣ፣ የትኛው ላይ እንደማትወጣ ከአሁኑ ነገርናት። ፈረሶቹን ተስፋ አድርጋለች።

የቢሾፍቱን ቀን ለሌላ ጊዜ አቆይተነዋል፤ ከእኛ ቅርብ ስለሆነ ብቻውን ደርሶ መልስ ይሄዳል። እሑድ የሚበዛውን ሰው ለመሸሽ ሐሙስ በመዝናኛ ፓርኩ፣ አርብ በአንድነት ፓርክ እንውላለን። አማቴን መልሶቻችሁን አንብቤላቸው አብረውን እንዲሄዱ ለመንኋቸው። ስለ ፈረሶቹም ስለ አንበሶቹም ምንም አላሉም፤ ግብር አዳራሹ ላይ ስደርስ ግን «እስቲ ያን ድገሚልኝ» አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ልጆቻቸውን ያዘሉባትን አንቀልባ ከሣጥን አውጥተው ፀሐይ ላይ አስጥተዋታል።