የዕቅድ ውይይት፦ ሲዚየም ከመኖ ወደ በግ ወተት፣ የጋራ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ የሙከራው ረቂቅ በጣም ሰፍቷል። በኑክሌር አደጋ ከሚረጩት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች ሲዚየም ብቻ ይሁን ወይስ አዮዲንም ይግባ?

የመኖ ባለሙያ፦ ሲዚየም ይበቃል። አዮዲን-131 በየ8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ ድርቆሹን ሦስት ወር ማቆየት ነው። ሲዚየም-137 ግን ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ ነው፤ ክምር ላይ ቢከርምም ያው ነው። ሰውነት እንደ ፖታስየም ስለሚያየው ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጡት ያልፋል።

ላቦራቶሪ፦ «የበግ ወተት ከላም 12 እጥፍ ይበከላል» የሚለው ከረቂቁ ይውጣልኝ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሰንጠረዥ በቀን ከተበላው ሲዚየም በአንድ ሊትር ወተት የሚገኘውን ድርሻ ለላም 0.0046፣ ለበግ 0.058 ይላል። ግን የሚበሉት እኩል አይደለም። ኪሎው 200 ቤክሬል (የጨረር መለኪያ ነው) የያዘ ድርቆሽ እንውሰድ፦ በግ 1.5 ኪሎ ብትበላ 300 ቤክሬል ነው፣ ወተቷ በሊትር 17 ገደማ። ላም 10 ኪሎ ብትበላ 2000፣ ወተቷ 9 ገደማ። እጥፍ ቢሆን ነው።

ሰብሳቢ፦ የተበከለ መኖስ ከየት እናመጣለን?

ላቦራቶሪ፦ አናመጣም! ጨረር የሌለውን ሲዚየም-133 በክሎራይድ መልክ እንሰጣለን፤ መንገዱ አንድ ነው። መስጠት ከመጀመራችን በፊት ግን የወተትና የመኖ ናሙና ይወሰድ፤ አፈሩም መኖውም በተፈጥሮ ትንሽ ሲዚየም አላቸው።

የእንስሳት ሐኪም፦ እንግዲያው በጎቹ ከጋጣ አይውጡ። የመንዝ በግ አጭር ሣር ስትግጥ አፈር አብራ ትበላለች፣ ሂሳቡ ይበላሻል። ለአለባ የአዋሲና የመንዝ ዲቃላ ይሻላል። ግልገሎቹ ተለይተው ይደሩ፤ ሌሊት ከጠቡ የወተቱን መጠን አናውቅም። ሲዚየሙን በጥቂት ፉርሽካ ለውሰን ጠዋት ጠዋት እንስጥ፣ ቢያንስ ለ14 ቀን፤ ተከታታይ ናሙናዎች ካልተቀራረቡ እንቀጥል።

የመኖ ባለሙያ፦ የተረፈውም ይመዘን። በግ ቅጠሉን መርጣ አገዳውን ትተዋለች፤ የሰጠነውን እንደበላችው መቁጠር አይሆንም። ድርቆሹ በጥቅምት ከአንድ ማሳ ታጭዶ ለሙከራው ሁሉ የሚበቃ ይከመር።

ላቦራቶሪ፦ ፉርሽካ የሚያድል ሰው አይለብ። ከእጁ የሚረግፍ ብናኝ አንዱን ናሙና ገደል ይከተዋል። ወተቱም እስከ መጨረሻው ታልቦ፣ ተቀላቅሎ ይቀዳ።

የእንስሳት ሐኪም፦ ኖርዌዮች ከቼርኖቢል የኑክሌር አደጋ በኋላ በሚላስ ጨው የሰጡትን ፕሩሺያን ብሉ የተባለ ሰማያዊ ውህድ እንሞክር? ሲዚየሙን አንጀት ውስጥ ይዞ በፋንድያ ያስወጣዋል።

ሰብሳቢ፦ በሁለተኛው ዙር ይሁን፣ ዶክተር። አሁን መስጠት ካቆምን በኋላ ያሉትን ቀናት እንጨምር፤ ወተቱ መጀመሪያ ቶሎ ይጠራል፣ ከሥጋ የሚመለሰው ግን ያዘግመዋል። የሚዛኑንና የጠርሙሱን ዋጋ እስከ ዓርብ ላኩልኝ።