የአይሱዙ ባሌስትራ ማስቀየር፦ ከጋራዡ ጋር ምን ልዋዋል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ያለ ጋራዥ የተሰበረውን የኋላ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) ቅጠልና ቦኮላዎቹን (ጫፉ ላይ ፒን የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች) ልቀይር ብሏል። ጭነት ይዤ በጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስለምወርድ እሰጋለሁ። ይበቃል?

መልስ 1፦ አይበቃም ወንድሜ። በቦኮላው ውስጥ የሚያልፈው ፒን ከተበላ አዲሱንም ቦኮላ ቶሎ ይበላዋል፤ አብረው ይቀየሩ። አክሰሉን ከባሌስትራው የሚያስሩትን 4 ዩ ቡሎኖችም አዲስ አስገባ። አሮጌው ዩ ቡሎን ስለተለጠጠ ጥብቀቱን አይይዝም፤ ሲላላ ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዘው የመሃል ቡሎን ይቆረጥና አክሰሉ ከቦታው ይንሸራተታል። ቁልቁለት ላይ ይህ ሞት ነው!

መልስ 2፦ ቦኮላው ጎማ ከሆነ የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው በጎማው ቆሞ ይሁን፤ በክሪክ ተሰቅሎ ከጠበቀ ተጠማዞ ይቀደዳል። ብረት ከሆነ አሮጌው ግራሶ እስኪወጣ አዲስ ግራሶ ይገፋበት።

መልስ 3፦ የእጅ ዋጋና መለዋወጫ ለየብቻ ይጻፍልህ፤ አሮጌውን ዕቃ ተረከብ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዩ ቡሎኖቹን ደግመው እንዲያጠብቁም ከክፍያው በፊት ተስማማ።