ሁለት አልትራሳውንድ፣ ሁለት ቲራድስ፦ መርፌ ወይስ ክትትል?

ጠቅላላ ሐኪም
ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት ታካሚ የታይሮይድ ኖዱሏን (በአንገቷ የታይሮይድ እጢ ውስጥ ያለውን እብጠት) በሦስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ቦታ አልትራሳውንድ ተነሣች። ሁለቱም 1.8 ሴንቲሜትር ነው ብለዋል። በቲራድስ (ኖዱሉ ለካንሰር ምን ያህል እንደሚያጠራጥር የሚለካበት ደረጃ) አንዱ «ቲራድስ 3፣ ክትትል»፣ ሌላው «ቲራድስ 4፣ በመርፌ ናሙና ይወሰድ» ይላል። የቱን ልቀበል? ሦስተኛ ልላካት?

ራዲዮሎጂስት
ዶክተር፣ ሦስተኛ ከመላክዎ በፊት መደምደሚያውን ትተው ገለጻውን ያነጻጽሩ። በአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ የ2017 ቲራድስ፣ ጠጣር ኖዱል 2 ነጥብ ይይዛል። ብሩህነቱ ከዙሪያው የታይሮይድ ሥጋ ጋር እኩል ከሆነ 1፣ ጠቆር ካለ 2 ይጨመርበታል። 3 ነጥብ ቲራድስ 3 ነው፤ 4 ነጥብ ቲራድስ 4። «እኩል» እና «ጠቆር» የምትለዋ አንዲት ቃል ናት የለየቻቸው ማለት ነው። መርፌ የሚመከረው ለቲራድስ 3 ከ2.5 ሴንቲሜትር፣ ለቲራድስ 4 ከ1.5 ጀምሮ ስለሆነ፣ 1.8 መሃል ላይ ወደቀ።

ቃሏ የምትዛባው የማሽኑ ጌይን (የምስሉ ብሩህነት ማስተካከያ) ሲለዋወጥ ነው፤ ሀሺሞቶ (ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ የሚመጣ የታይሮይድ ብግነት) ካለም ዙሪያው ራሱ ይጠቁራል። ነጫጭ ነጠብጣቦችንም ይፈትሹ፦ ጭራ የሌላቸው ደቃቅ ነጥቦች 3 ነጥብ ሲሆኑ፣ ትልልቅ ባለ ጭራዎቹ (የኮሎይድ፣ ማለትም በታይሮይድ ውስጥ የሚገኝ ዝልግልግ ፈሳሽ ምልክት) 0 ናቸው። እነዚህን ማምታታት ቲራድስ 5 ድረስ ያደርሳል።

ሁለቱንም ምስሎች በሲዲ አስመጥተው ለአንድ ራዲዮሎጂስት ጎን ለጎን ያሳዩ። በሙቀት ወረቀት የታተመ ፎቶ ግን ለብሩህነት ዳኝነት አይበቃም፤ ያ ብቻ ካለ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ሊኒየር ፕሮብ (ለቆዳ ቅርብ አካል በሚሆን የአልትራሳውንድ መዳሰሻ) ይደገም።

የኢንዶክሪን ሐኪም
የየትኛው ቲራድስ ነው? የአውሮፓው ቲራድስ 3 ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ሲሆን መርፌ ይላል፤ ቁጥሩ ያለ ስሙ አይነበብም።

ከመርፌው በፊት ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን በደም ውስጥ ያለው መጠን) ይሠራ። ዝቅ ያለ ከሆነ ቀጣዩ የአይሶቶፕ ምርመራ (ኖዱሉ ሆርሞን አብዝቶ እያመረተ መሆኑን የሚያሳይ) ነው፤ ሆርሞን አብዝቶ የሚያመርት ኖዱል ካንሰር የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። አጠራጣሪ የአንገት ንፍፊት ከታየ ግን ስለ ነጥብ መከራከሩ ይቀራል፣ ናሙናው ይወሰድ። ታካሚዋ ከሩቅ ገጠር መጥታ ከዓመት በኋላ መመለሷ የሚያጠራጥር ከሆነም፣ እኔ ወደ መርፌው አደላለሁ።

ጠቅላላ ሐኪም
ሪፖርቶቹን አየኋቸው። ሁለተኛው «ጠቆር ያለ» ብሏል፤ የመጀመሪያው ስለ ብሩህነቱ አንድም ቃል አልጻፈም።

ራዲዮሎጂስት
እንግዲያው 3 ያለው በምን ነጥብ እንደሆነ ደውለው ይጠይቁት። ማስረዳት ካልቻለ ሁለተኛውን ይዘው ይቀጥሉ።