የዋንዛው በር ተሰነጠቀብኝ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ላለው አሮጌ ቤታችን የወጥ ቤቱን በር ከ4 የዋንዛ ጣውላዎች ራሴ ሠራሁ፤ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ጣውላው ከሐረር ሲመጣ ገና እርጥብ ነበር። የድሬዳዋ ሙቀት እስኪያደርቀው ሳልታገሥ በኮላ አጣበቅኩት፤ ከጀርባውም በ3 አግዳሚዎች ላይ በብሎን ጠፍሬ አሰርኩት። በሁለተኛው ወር መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። አሁን የጠዋት ፀሐይ በስንጥቁ ሾልካ ምጣዱ ላይ ታርፋለች። በሰጋቱራና በኮላ ብደፍነው በ3 ሳምንት ውስጥ ረገፈ። ጎረቤቴ አናጢው ስቱኮ እንዳልሞክር ከለከለኝ፤ እውነቱን ነው፣ እንጨቱ ገና ይጠባል፣ ይሰፋል። ያለኝ መጋዝ፣ የእጅ መላጊያ፣ መሰርሰሪያና 2 ሞርሳ ነው። በሩን ፈትቼ፣ ጣውላዎቹን ጥላ ውስጥ አድርቄ መልሼ ስገጥማቸው፣ እንጨቱ ሳይሰነጠቅ እንዲጠብና እንዲሰፋ በአግዳሚዎቹ ላይ ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ላስረዝማቸው?