ማርሻል ወይስ ስቴይን?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገን። ጎንደር ማራኪ ግቢ እያለሁ አንድ ህንዳዊ መምህር ክሪኬት (አንዱ ኳስ ሲወረውር ሌላው በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ) አስለመደኝ። ፈጣን ኳስ ወርዋሪዎችን ማየት ሱስ ሆኖብኛል። የባርቤዶሱ ማልኮም ማርሻል በ81 ቴስት (እስከ አምስት ቀን የሚዘልቅ የአገራት ግጥሚያ) 376 ዊኬት ወሰደ፤ ማለትም 376 ጊዜ መቺ አስወጣ። የደቡብ አፍሪካው ዴል ስቴይን በ93 ቴስት 439። ማን ይበልጣል?

መልስ፦ ማርሻል! ለአንድ ዊኬት በአማካይ ለተጋጣሚ የሰጠው 20.94 ነጥብ ብቻ ነው፤ ስቴይን 22.95። ደግሞ በ1984 እንግሊዝ ውስጥ ሄዲንግሌይ ሜዳ ላይ የግራ አውራ ጣቱ ተሰብሮ፣ እጁ በጀሶ ታስሮ፣ 53 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ 7 ሰው አስወጣ። እንዲህ ያለ ወኔ የት ይገኛል?

መልስ፦ ዘመኑንም እዩ እንጂ። ስቴይን በየ42 ኳሱ አንድ ሰው ያስወጣ ነበር፤ ማርሻል በየ47ቱ ገደማ። ያውም ሜዳው ለመቺዎች በተመቸበት ዘመን።

ጠያቂው፦ አሳመናችሁኝ ማለት ይከብደኛል። ማርሻል ቁመቱ አጠር ያለ ሆኖ ኳሷን ከመሬት አንጥሮ አገጭ ስር ያስገባት ነበር። እኔ እሱን እመርጣለሁ።