ቲ.ኤስ.አይ ማታ ቢጫ፣ ጠዋት ቀይ! ባክቴሪያው ሐሳቡን ቀየረ እንዴ?

እሙ ቦርከና፦
ሰላም የላብ ሰዎች። ኮምቦልቻ የላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ፤ አሁን ልምምድ ላይ ነን። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለበት ልጅ የመጣ ሰገራ ማኮንኪ (ላክቶስ የሚበላው ሮዝ የሚሆንበት ማብቀያ) ላይ ዘራን። በማግስቱ ነጣ ያሉ ኮሎኒዎች በቀሉ፤ አንድም ሮዝ የለም። ከነሱ አንዷን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቲ.ኤስ.አይ (ባክቴሪያው የትኛውን ስኳር እንደሚበላ በቀለም የሚያሳይ ማብቀያ) ቱቦ ውስጥ በመርፌ ወግቼ ዘራሁ። 11 ሰዓት ልወጣ ስል ኢንኩቤተሩን ከፈት ባደርግ ቱቦው ከላይ እስከ ታች ቢጫ! ደስ ብሎኝ «ላክቶስ ወይም ሱክሮስ ይበላል» ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። በነጋታው 2 ሰዓት ስመለስ ስላንቱ (ያዘነበለው የላይኛው ገጽ) ቀይ፣ ታቹ ቢጫ። ጋዝ የለም፣ ጥቁር ነገር (የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ምልክት) የለም። ኃላፊዬ መዝገቡን አይቶ ሳቀ፤ ምንም አላለኝም። ሌሊት መብራት ሁለቴ ሄዶ ነበር፣ እሱ ይሆን? ወይስ ማኮንኪው ነው የተሳሳተው?

ጦሳ ሥር፦
አብሽሪ እህቴ፤ መብራቱን ተይው። ባክቴሪያሽ ጓዳው ባዶ ሆኖበት ነው። ደሴ ላብ ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ይህን ስህተት ያልሠራ ተለማማጅ አላየሁም፣ እኔም ጭምር።

ቱቦው ውስጥ ሦስት ስኳር አለ። ግሉኮስ 0.1 በመቶ ብቻ፣ ላክቶስና ሱክሮስ ግን እያንዳንዳቸው 1 በመቶ፤ አሥር እጥፍ። እንዲህ ያለ የአንጀት ባክቴሪያ መጀመሪያ የሚያነሳው ግሉኮሱን ነው። አሲድ ያወጣል፣ ቀለም ጠቋሚው ፌኖል ሬድ ቢጫ ይሆናል። ማታ ያየሽው ይህን ነው። ያቺ ግሉኮስ ግን ሌሊቱን አታድርም። ላክቶስ የሚችል ወደሱ ይዞራል፣ ቢጫው ይቆያል። ያንቺው አልቻለም። ስለዚህ ስላንቱ ላይ አየር የሚያገኘው ወገን ፔፕቶኑን (የፕሮቲን ቁርጥራጩን) መብላት ጀመረ። ከዚያ አሞኒያ ይወጣል፤ አሲዱን ይሽረውና ቀይ ይሆናል። ታች አየር ስለሌለ አሲዱ እንዳለ ይቀራል። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይነበብ የሚባለው ለዚህ ነው፤ አንቺ በ9 ሰዓቱ አነበብሽው።

ማኮንኪው ልክ ነው። እሱ ውስጥ ያለው ስኳር ላክቶስ ብቻ ነው። ሺጌላ (ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ) ጠርጥሪ። ግን የታይፎይዱ ሳልሞኔላ ታይፊም ጋዝ አያወጣም፣ ጥቁሩም ለዓይን የማትሞላ ልትሆን ትችላለች። ሞቲሊቲ (ይንቀሳቀስ እንደሆነ) እና ሴረም (በፀረ አካል መለያውን) ሳትሠሪ ስም እንዳትጽፊ!

እሙ ቦርከና፦
ኧረ ተባረክ ጋሼ! ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ያ ሁሉ ላክቶስ አጠገቡ ተቀምጦ ለምን አይበላውም?

ሰኞ ገበያ፦
ላክቶስ ለመብላት ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ በር ነው፣ ፐርሚዬዝ ይባላል። ሌላው መቀስ ነው፣ ቤታ ጋላክቶሲዴዝ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሺጌላ ሶነይ ነው። መቀሱ አለው፣ የተበላሸው በሩ ነው። ስለዚህ ላክቶሱን ለማሳየት ቀናት ይፈጅበታል። ኦ.ኤን.ፒ.ጂ (መቀሱን የምንፈትሽበት ኬሚካል) ግን ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ያ ነገር በሩን ሳይጠብቅ ሾልኮ ይገባላ።

ሁለቱም ያሉት ኢ. ኮላይ እንኳ ግሉኮስ እያለ ላክቶስ አይነካም። ግሉኮስ ሲገባ ፕሮቲኖች ፎስፌት በቅብብሎሽ ያመጡና ይለጥፉበታል። የተለጠፈበት ተመልሶ አይወጣም፤ ለመቃጠልም ዝግጁ ነው። ከቅብብሎሹ አንዱ ፕሮቲን ፎስፌቱን ለግሉኮስ ሰጥቶ ባዶ እጁን ሲቀር ሄዶ የላክቶሱን በር ይዘጋል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለባክቴሪያዎች ሁለት ስኳር ሰጥቶ አይቷል፦ ያድጋሉ፣ ቆም ይላሉ፣ እንደገና ያድጋሉ። ከዚያ የተነሳው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1965 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል አሸልሞታል።

እሙ ቦርከና፦
ሞቲሊቲው ዛሬ ወጣ፤ አይንቀሳቀስም። ሴረም እኛ ጋ የለም፣ ወደ ደሴ እየላክነው ነው። መዝገቡን በአንድ መስመር ሰርዤ ፈረምኩበት። ኃላፊዬ ዛሬም ሳቀ።